ብርሃን የሚያልፍበት ቦርድ

«ጋሼ፣ ይሄ ቦርድ ተሰንጥቋል እኮ!»

ጎፋ መብራት ኃይል ባለችው ጠባብ የጥገና ክፍሌ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ የአንድ ፔሸንት ሞኒተር ፓወር ሰፕላይ ከቤቱ አውጥቶ ወደ መስኮቱ አንሥቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። በቦርዱ መካከል፣ አራት እግር ካላት ትንሽ ጥቁር ኦፕቶካፕለር ሥር፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ታልፋለች። ስንጥቅ ግን አይደለችም። ጠርዟን በጥፍር ሲዳስሱት ልስልስ ያለ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቿ ክብ ሆነው ተቆርጠዋል። ሆን ተብሎ፣ ተለክቶ፣ በማሽን የተሠራች ናት። ስንት ቦርድ ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቁርጥ ባየሁ ቁጥር ግን ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ማየት እወዳለሁ።

ይህ ቦርድ ሁለት አገር ነው። በአንዱ በኩል ከግድግዳው የመጣው 220 ቮልት አለ። በሌላው በኩል ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው 12 ቮልት አለ፤ ከሞኒተሩ ደግሞ ገመዱ ወደ በሽተኛው ደረት ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል ከዳር እስከ ዳር አንድም የመዳብ መስመር የማይረግጠው ባዶ አረንጓዴ መሬት ተዘርግቷል። ድንበሩን የሚሻገሩት ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ናቸው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ምልክትን በብርሃን የምታሻግረው ኦፕቶካፕለርና አንዲት ሰማያዊ ካፓሲተር። እያንዳንዳቸው ለዚሁ ሥራ ተመርጠው የተቀመጡ ናቸው።

የድንበሩን ስፋት የሚወስነው አይኢሲ 60601-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2005 የወጣው ሦስተኛው እትም ባለሙያውን የሚጠብቀውን መከላከያና በሽተኛውን የሚጠብቀውን መከላከያ ለየብቻ አስቀመጣቸው። የበሽተኛው ይበልጥ ጥብቅ ነው። አንዱ መከላከያ ቢከዳ ሌላው እንዲቆም ሁለት ያስፈልጋል፤ በእኛ ቮልቴጅ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆጠሩ በቦርዱ ገጽ ላይ 8 ሚሊ ሜትር፣ በአየር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ርቀት ይጠየቃል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ለአንድ ደቂቃ 4000 ቮልት ተለቆ ምንም ሳይበሳ መቆየት አለበት።

የገጹ ርቀት ከአየሩ የሚበልጠው ኤሌክትሪክ በአቧራና በእርጥበት ላይ ቀስ እያለ መንገድ ስለሚያበጅ ነው፤ ዛሬ ጭረት፣ ነገ ጥቁር መስመር፣ ከዚያ እሳት። የዚች ኦፕቶካፕለር እግሮች ከተለመደው ሰፋ ብለው የተከፈቱ ናቸው። ቢሆንም የብየዳው ክብ ሲጨመርባቸው በመካከል የሚቀረው ገጽ ይጠባል። ንድፍ ያወጣው ሰው ታዲያ መሬቱን ቆረጠው። መንገዱ ገደል ገጠመው፤ በገጹ ላይ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ቁርጡን ዞሮ መሄድ አለበት። ምንም ዕቃ ሳይጨመር፣ ጥቂት በማንሳት ብቻ ርቀት ተገኘ። ከዚህ የበለጠ የሚያምር ሥራ በቦርድ ላይ አላየሁም።

የአየሩ ርቀት ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በአየር ከሚሄደው መልእክት ነው፤ ሰው ሬዲዮ ቴሌግራፉን ንፋስ ስልክ አለው፣ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። በቦርዱ ላይ ግን አየር የሚፈለገው ምንም እንዳያስተላልፍ ነው። የባለሙያው መከላከያ የአየር ክፍተት ሠንጠረዥ የሚሰላው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ በቀላሉ ይበሳል። ስለዚህ ከ2000 እስከ 3000 ሜትር ላለ ከፍታ የባለሙያው ክፍተት በ1.14 ይባዛል፤ የበሽተኛው 5 ሚሊ ሜትር ግን ከመነሻው እስከ 3000 ሜትር እንዲበቃ የተሰላ ነው። የዚህን ቦርድ ክፍተት በካሊፐር ለካሁት፤ ከብረት እስከ ብረት ከ6 በላይ ነው። ንድፍ ያወጣው ሰው ከባሕር ወለል አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢሠራውም ደጋ ላይ የሚተኛውን በሽተኛ አልረሳውም።

ትራንስፎርመሩን መፍታት የሚቻለው ሲሞት ብቻ ነው። አንድ የተቃጠለ ፈትቼ አስቀምጫለሁ፤ ለሚማሩ ልጆች አሳየዋለሁ። ከላይ ቢጫ ቴፕ አለ፣ ሳይሸበሸብ፣ ዙሩ በዙሩ ላይ በልክ አርፎ። ከሥሩ የሁለተኛው ወገን ሽቦ ይወጣል። ይህ ሽቦ እንደ ተራው የመዳብ ሽቦ ቫርኒሽ ብቻ የተቀባ አይደለም፤ ሦስት ለየብቻ የተደረቡ ልባሶች አሉት። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ አንዱ ቢሳሳ ብርድ አይገባም፤ እዚህም አንዱ ልባስ ቢጫር የቀሩት ሁለቱ ፈተናውን ይችሉታል። በምላጭ አንድ በአንድ ገፈፍኳቸው። እያንዳንዱ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል።

ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ እያለ ብረቱን በእጅ ጀርባ የዳበሰ ሰው ንዝረቷን ያውቃታል። ኤርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ይብሳል። ያቺ ንዝረት በአብዛኛው በድንበሩ ላይ ከተቀመጠችው ሰማያዊ ካፓሲተር የምትሾልክ ናት። ካፓሲተሯ 2.2 ናኖፋራድ ብትሆን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 150 ማይክሮ አምፔር ያህል ታሳልፋለች። ለጤነኛ ሰው ኢምንት ነው፤ ቆዳው ራሱ ኢንሱሌሽን ነው፣ ደስ ካላለው እጁን ይሰበስባል። ሕክምና ላይ ያለው ሰው ቆዳው ጄል ተቀብቷል፣ ወይም ተከፍቷል፤ ሽቦ በደም ሥሩ ወደ ልቡ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በማደንዘዣ ተኝቷል፣ እጁን አይሰበስብም። ስለዚህ በአራት ማዕዘን ውስጥ የልብ ምልክት ባለው መግጠሚያ በኩል ወደ በሽተኛው ሊሾልክ የሚፈቀደው በደህናው ጊዜ 10 ማይክሮ አምፔር፣ አንድ ነገር ሲበላሽ 50 ብቻ ነው። የልብ ምልክት ያለው ገመድ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱ ተጨማሪ ድንበር አለው። ቢሆንም በዚህ ፓወር ሰፕላይ ላይ ያለችው ካፓሲተር ከቻርጀር ካፓሲተር እጅግ ታንሳለች። እሷ ስታንስ፣ ታጠፋው የነበረውን የኤሌክትሪክ ጩኸት (ኖይዝ) የሚያጠፋ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበትና፣ የትራንስፎርመሩ ጥምጥም እንደገና ታስቦበት የተሠራ ነው።

መግቢያው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ፊውዝ አለ፤ አንዱ በፌዙ፣ አንዱ በኔትራሉ። የእኛ መሰኪያ ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ፊውዝ ብቻ ቢኖር የገባው በኔትራሉ በኩል ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ሞኒተር ጋር፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ጤና ተቋም፣ ሌላ አንድ መጥቷል። ሲሰካ ይበራል፤ የልብ ምቱ መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ስከፍተው ግን በሰማያዊዋ ካፓሲተር ቦታ ከቴሌቪዥን ቦርድ የተነቀለች ቡናማ ካፓሲተር ተበይዳለች፤ በአንዱ ፊውዝ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ ገብቷል፤ ቁርጡ ደግሞ በብየዳ ሙጫና በአቧራ ተደፍኗል። የጠገነው ሰው ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ማሽኑ ሲበራለት ሥራው ያለቀ መስሎታል፤ መከላከያ ቢኖርም ባይኖርም ማሽኑ ይበራልና። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው። ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለሕክምና መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቷል፤ አንድ ሰው ማታ ብቻውን ቦርድ ላይ አጎንብሶ የሚበይዳትን ካፓሲተር ግን የሚያያት እሱ ራሱ ብቻ ነው።

ትክክለኛዋን ካፓሲተር አስገባሁ፤ የሽቦውን ቁራጭ ነቅዬ በፊውዝ ተካሁት። ቁርጡን ለልጁ ተውኩለት። አልኮልና የጥርስ ብሩሽ ይዞ ተቀመጠ። ሙጫው ደርቆ ነበርና ቶሎ አልለቀቀም። ሦስት ጊዜ አጠበው፤ በሦስተኛው የእንጨት ስንጥር ጫፍ ቀርጾ ጥግ ጥጉን ጠረገው። ከዚያ ሳልጠይቀው ተነሥቶ ቦርዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግራ ቀኝ አዘነበለው።

«አሳለፈ፣ ጋሼ።»