የዘይትና የዱቄት ሰዋስው

አማርኛ ለመስጠት ቃል አያጣም። ሰጠ፣ ለገሰ፣ ቸረ፣ መጸወተ፣ አደለ፣ አበረከተ፣ ከፈለ... ሁሉም ያው አንድን ነገር ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ማሻገር ነው። ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለለማኝ ይመጸወታል፤ ለንጉሥ ይበረከታል፤ የሚገባውን ለሚጠይቅ ሰው ግን ይከፈላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፦ የጸሐፊውን ሆድ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቅጽሉን ተዉትና ግሡን ያዙት። ቅጽል ያሞካሻል፤ ግሥ ግን ማን ለማን ምን እንዳደረገ ሳይወድ በግድ ይናገራል።

እስቲ በዚህ ዘዴ የኮሮናውን ዘመን ዜና መለስ ብለን እናንብበው።

የመጀመሪያው በሽተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ቤት ይቆዩ» የሚለው ምክር በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም ተደጋገመ። መልካም ምክር ነው። ችግሩ ቤት ለመቆየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት ተቀምጦ የሚበላ። ይህ ለመንግሥትም የተሰወረ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ቤት የሌላቸው ብዙ ዜጎች ስላሉን እንደ ሀብታሞቹ አገሮች ሙሉ በሙሉ ዘግተን መቀመጥ አንችልም የሚል ሐሳብ ተናግረዋል። ትክክል ነበሩ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው እጁ ሲታሰር አፉም አብሮ ይታሰራል።

ከዚያ «ማዕድ ማጋራት» መጣ። ቃሉን ለመረጠው ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ማዕድ የቤተሰብ ቃል ነው። መሶቡን ከበው የተቀመጡ ሰዎች መካከል ሰጪና ተቀባይ የለም፤ ሁሉም ቆርሶ ይበላል፤ ቢበዛ አንዱ ሌላውን ያጎርሳል። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 የዋለው ያ ፋሲካ በብዙ ቤት ሳይጾም የተፈሰከው ጎረቤት ለጎረቤት፣ አከራይ ለተከራይ ማዕዱን ስላጋራ ነው። ይህን ማንም አይክድም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን የለ!

ነገር ግን ማዕዱ ወደ መንግሥት እጅ ሲገባ ግሡ ተቀየረ። የማታውን ዜና አስታውሱት። ዘይት በጄሪካን ተደርድሯል፤ ዱቄቱ በከረጢት ተከምሯል፤ አንድ ኃላፊ ማይክ ይዘው ቆመዋል። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ በተባለበት ወር አንዳንዱ ርክክብ ያለ ሕዝብና ያለ ካሜራ አልሆነለትም። ዜናውም «ለአቅመ ደካሞች ተበረከተላቸው» ይላል። ልብ በሉ፤ «ማጋራት» ቀርቶ «ተበረከተላቸው» ሆኗል። ቀጥሎ አንዲት እናት ይመጣሉ። የእርሳቸው ድርሻ ማመስገን ነው። ሌላ ግሥ አልተመደበላቸውም።

«አቅመ ደካማ» የሚለውም ቃል እንዲሁ አይታለፍም። ለአልጋ ቁራኛው፣ ለሸመገለው ይገባል። ግን ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የነበረው የቀን ሠራተኛ እንዴት አድርጎ ነው በአንድ ሌሊት አቅመ ደካማ የሆነው? ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ የቆመው ሥራው ነው። ሥራውን ያስቆመው ደግሞ ወረርሽኙና ወረርሽኙን ለመግታት የወጣው ደንብ ነው። ለሁላችን ደኅንነት ሲባል ገቢው የተቋረጠበት ሰው ተመጽዋች ነው ወይስ ከሁላችን የሚጠይቀው አለው?

«ሰውዬ፣ የተራበ ሰው ሰዋስው አይበላም፤ ዘይቱ ከደረሰው ግሡ ምን አባቱ!» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ግሡ የሚመጣውን ወር ይወስናል። ችሮታ ሁለተኛ ወር የለውም። ዘይቱ ሲያልቅ «ለምን ቀረብኝ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ የተቸረ ሰው አይከስምና። ስሜ ለምን ተዘለለ፣ ጎረቤቴ በምን መስፈርት ገባ፣ አቤቱታዬን ማን ይስማኝ የሚሉት ጥያቄዎች የሚወለዱት ከመብት ነው። የሰው ፊት እሳት ነው የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ነው የሚነግረን፤ ተቀባዩ ከዘይቱ በፊት ፊት ማየት አለበት።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ በጸጥታ ይሠራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ጭምር የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች 604 ሺህ ያህል ሰዎችን ያቀፈ ነበር። መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲንከባከቡ የምናያቸው እናቶች ማለት ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ከሥራ እንዲያርፉ ተደረገና የሦስት ወር ክፍያቸው በቅድሚያ ተሰጣቸው። በባንክ ሒሳባቸው! ማይክ የያዘ ኃላፊ የለም፤ ምሥጋና የለም፤ ገንዘቡን ዘይት ልግዛበት ወይስ የቤት ኪራይ ልክፈልበት ብላ የምትወስነው እናቲቱ ናት። ግሡ «ተከፈላቸው» ነው። ከዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ መርጠህ አድንቅ ብባል ይህን ነው የማደንቀው። ለዜና ስለማይመች ግን ብዙም አልተወራለትም።

ጉድለቱ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያልነበረ በዚያ በር አልገባም። ከገጠር በቅርብ የመጣው ሊስትሮ፣ ደመወዟ ቀርቶ የተሰናበተች የቤት ሠራተኛ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሁሉ ዕጣው ወደዚያኛው ሰልፍ፣ ወደ ዘይትና ዱቄቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ ግለጡ። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ተሰረዘ። ሥራቸው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ቀረላቸው። ኢኮኖሚው እንዳይወድቅ የተደረገ ነውና አልቃወምም። ግን ግሦቹን እዩልኝ፤ «ቀረበ»፣ «ተሰረዘ»፣ «ቀረላቸው»። የታክስ ዕዳው የተሰረዘለት ነጋዴ በቴሌቪዥን ቀርቦ እንባ እየተናነቀው ሲያመሰግን አላየሁም። ማየትም አልፈልግም። ለእርሱ ፖሊሲ የሆነው ነገር ለጉሊቷ ሴትዮ ለምን ችሮታ ይሆናል? የእርሷም ዕዳ እኮ ዕዳ ነው፤ የተጻፈው በገቢዎች መዝገብ ሳይሆን በሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ስለሆነ የሚሰርዝላት አጣች እንጂ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር የከለከለው ደንብ ደግ ደንብ ነበር፤ ኪራዩን ግን አልከፈለላትም።

በወረቀት ላይ አልታሰበም ማለት አይደለም። በመጋቢት 2012 መጨረሻ የወጣው የመንግሥት ዕቅድ 1.64 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ነበር። ከዚህ ውስጥ 635 ሚሊዮኑ በሴፍቲኔት ላልታቀፉ 15 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ ምግብ የታሰበ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው 42 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ያውም ለአንድ ጊዜ፣ ያውም በዕቅድ። የተራበውን ቁጥር አውቀን ነበር ማለት ነው። ያልነበረን እያንዳንዱን በስሙ ጠርተን የምንከፍልበት መንገድ ነው።

ዛሬ ያ ሰበብ ሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ካለ ሚያዝያ 2015 አልፎ ሄዷል። የከተማው ሴፍቲኔት ወደ 83 ከተሞች እንዲሰፋ ብድሩ የጸደቀው በመስከረም 2013 ነው። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ጀምሮ በሊስትሮው ኪስ ሳይቀር ገብቷል፤ ፋይዳ መታወቂያም መጥቷል። ማዕድ ማጋራቱ ግን በየዓመት በዓሉ፣ ከነካሜራው፣ እንደቀጠለ ነው።

ይቅር አልልም። ጎረቤት ማዕዱን ያጋራ፤ እድሩም፣ ባለሀብቱም ያጋራ። እርሱ የእኛ ግሥ ነው። የመንግሥት ግሥ ሌላ ነው፤ ከግብራችን የሚወጣ ነውና «ከፈለ» ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይመጣ ስሞቹ ይመዝገቡ፤ መስፈርቱ በየወረዳው በር ላይ ይለጠፍ፤ የተዘለለ ሰው አቤት የሚልበት መስኮት ይከፈት፤ ክፍያው ስንት ወር እንደሚቆይ አስቀድሞ ይነገር። ያኔ ያቺ እናት በዜና ላይ ባይታዩም ግድ የለም። ቤታቸው ተቀምጠው ስልካቸው «ገቢ ሆኗል» ካላቸው፣ «ቤት ይቆዩ» የሚለውን ምክር ለመፈጸም ያን ጊዜ ይችላሉ።