ከመጎተት መያዝ ይከብዳል

እንደ ራቭ ፎር ወይም ቪታራ ላለች ትንሽ መኪና የተሳቢ መጎተቻ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ስንት ኪሎ ይጎትታል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ «ወዴት ነው የሚወርዱት?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ዳገት ደግ ነው። አቅም ካነሰ ሞተሩ ያቃስታል፤ መኪናው ይቆማል፤ ጭነት ይቀነሳል። ቁልቁለት ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አይሰጥም። ከእስቴ ወደ ስማዳ ቆላ የወረደ ሹፌር ይህን ያውቀዋል።

አገሩ ትምህርቱን ከመኪና በፊት አይቶታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ ለመድረስ ከ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ፈጅቶበታል፤ ያለፈውም በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው። የሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ጊዜውን የበላው መንገዱ ነው። በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ማስቆረጥ ነበረባቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦርም በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። ለእኛ ለመካኒኮች ነገሩ ግልጽ ነው፦ ዳገት በጉልበት ይወጣል፤ ቁልቁለት የሚወረደው በዝግጅት ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው መጎተቻው ከሚታሰርበት ቦታ ነው። የድሮዋ ቪታራ ሻንሲ ስላላት መያዣ አይታጣላትም። ራቭ ፎር ግን በ1994 እ.ኤ.አ. ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ወለሏና አካሏ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ መጎተቻው ፋብሪካው ከወለሉ ሥር ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች፣ በሁለቱም ጎን፣ በብሎን መታሰር አለበት። ፓራውልት ላይ የተንጠለጠለ መንጠቆ ለእይታ ካልሆነ ለሥራ አይሆንም። «ግዴለህም፣ በይደው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የወለሉ ብረት ስስ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያደክመዋል፤ ቀለሙም ስለሚቃጠል ዝገት ከውስጥ ይጀምራል። ብሎኑንም ቢሆን ራሱን አይቼ ነው የምቀበለው፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ምልክት ከሌለው አላስረውም። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ መኪናው ተመልሶ ይመጣና ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። መጎተቻው፣ ጫፉ ላይ ያለው ኳስ፣ ተሳቢውና መኪናዋ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገደብ አላቸው፤ የሚሠራው ከሁሉም ትንሹ ነው። 1,500 ኪሎ የሚችል መጎተቻ ገዝቶ 700 ኪሎ ብቻ የተፈቀደላት መኪና ላይ ማሰር መኪናዋን አያጠነክራትም። አውሮፓ ውስጥ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ በሕግ ተገድቧል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚፈቀድላቸው ከዚያም ያንሳል። በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከአቅሙ ወደ 10 በመቶ ያጣል፤ እኛ ያለነው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ይጎድላል ብሎ ማሰብ ደህና ነው።

ኳሱ የሚናቅ አይደለም። የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሜሪካው በብዛት 50.8 ሲሆን 47.6 የሆነም አለ። ትንሹ ኳስ ትልቁ መያዣ ውስጥ ሲገባ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ግን ይወጣል። ስለዚህ መጠኑን ከአናቱ ላይ አነባለሁ፤ ከተቆለፈም በኋላ የተሳቢውን ምሰሶ ወደ ላይ በኃይል አነሣዋለሁ። ሁለት ሰንሰለት ከምሰሶው ሥር ተጠላልፎ መታሰር አለበት። ኳሱ ቢለቅ ምሰሶው መሬት ሳይወጋ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

ጭነት አደራደር ላይ አህያ ጭኖ የሚያውቅ ገበሬ ከሹፌሩ ይበልጣል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ የተሳቢው ምሰሶ ይቀላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናዋ ኋላ ይሰምጣል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት መያዝ ያቅታቸዋል፤ መሪው ይቀላል። ኳሱ ላይ ሊያርፍ የሚገባው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ለ500 ኪሎ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ማለት ነው። ድንች ከሆነ ከባዱን ኩንታል ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደ ፊት አድርጉት።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። 1,700 ኪሎ የሆነች መኪና ፍሬን የሌለው 700 ኪሎ ተሳቢ ስታስከትል ፍሬኗ 40 በመቶ ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል። እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚወርድ ሹፌር ሸራውንና ዲስኩን ያግላል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀነሳል፤ ፍሬን አጠር ባለና ጠንከር ባለ ርግጫ ይያዝና ይለቀቃል። መንገድ ከመጀመሩ በፊት ደንበኞቼ ሰው በሌለበት አጭር ቁልቁለት ላይ መኪናዋን ከነጭነቱ እንዲያቆሙ አደርጋለሁ። ተሳቢው መኪናዋን ከኋላ የሚገፋት ከሆነ ጭነቱ ይቀነሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መልሴ «ይቅርብዎ» የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየሳምንቱ አንድ ቶን እህል ለሚያወርድ ነጋዴ አይሱዙ መከራየት ይረክሳል። ውሃ በርሜል፣ ጄኔሬተር ወይም ጥቂት በግ ለሚያመላልስ ግን በደንብ የታሰረ መጎተቻ ጥሩ አገልጋይ ነው። ለየትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ስለ መንገዱ ሲጠየቅ ነው፤ የሙያችን ግማሽም እሱ ነው።