ወለሉን ሳያዩ ሞዴል ማመን

ታንክ ውስጥ ጠጣር እየዘቀጠ ሲያስቸግር ቶሎ የሚሰማው መፍትሔ «ሞተሩን አፍጥኑት» የሚል ነው። በሥራዬ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው። ማማሰያው የሚጠይቀው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ 33 በመቶ ይጨምራል።

ተመራማሪው ዝዊትሪንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ዛሬም ያገለግላል፤ አንድም ቅንጣት ወለሉ ላይ ከ1 ወይም ከ2 ሰከንድ በላይ ካላረፈ ፍጥነቱ በቂ ነው። በእሱ ቀመር መሠረት የቅንጣቱ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ፍጥነት 15 በመቶ፣ ኃይሉ ግን 50 በመቶ ገደማ ያድጋል። ጠጣሩን የሚፈጨው ወፍጮ ሸካራ ከፈጨ እንግዲህ መጠገን ያለበት ወፍጮው ነው።

አሁን በኮምፒዩተር ታንኩን ብዙ ሺህ ቦታ ከፋፍለን ውኃውንና ጠጣሩን አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚፈስሱ ሁለት ፈሳሾች እናሰላለን። ውጤቱን የሚወስነው ውኃው ቅንጣቱን የሚጎትትበት ኃይል ነው። በረጋ ውኃ የተለካውን ቀመር ለሚናወጥ ታንክ እንዳለ ከወሰድን ሞዴሉ ሊሳሳት ይችላል፤ የሚያወጣው ባለቀለም ሥዕል ግን ያው ያማረ ነው።

ስለዚህ ወለሉ ግልጽ የሆነ ትንሽ ታንክ ይሠራና ከሥር ይታያል። ማማሰያው ሲዞር ቅንጣቶቹ መጀመሪያ ወለሉን እየታከኩ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ክምር ይቀራል፤ እንደ ማማሰያው ክንፍ ዓይነት ከክንፉ ሥር መሃል ላይ፣ ወይም ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን። ባደግኩባት ውጫሌ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ማማሰያውን እስከ ጋኑ ሥር የሚያወርዱት ለዚሁ ነው። ክንፉን ወደ ወለሉ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ከመጨመር ይሻላል።

ከውጫሌ ወደ ደቡብ ሲወረድ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አለ። ቢራ ጠመቃ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ማማሰል ሌላ ጉዳት አለው፤ የተፈጨው ብቅል ገለባ ይደቅቅና ማጣሪያውን ያዘገየዋል። እዚያ በቂውን ፍጥነት ማወቅ ከመብራት ወጪ ባሻገር የምርት ጥራትም ነው።

በኮምቦልቻም ሆነ በሌላ ከተማ ኬሚካል ምህንድስና የምትማሩ ሁሉ፣ ሲሙሌሽኑን ከማመናችሁ በፊት ግልጽ ወለል ያለው ታንክ ሠርታችሁ ከሥር እዩ።