አሮጌውን ይዘው ይምጡ

በ2001 ዓ.ም. ገደማ፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ዘመን፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነጻ ታደለ፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 350 ሺህ ያህል። እኔ የማደንቀው ግን ስጦታውን ሳይሆን ደንቡን ነው፦ አሮጌውን አስረክቦ አዲሱን መውሰድ። ያ ባይሆን ኖሮ አዲሱ ሳሎን፣ አሮጌው ኩሽና ይሰቀልና ቆጣሪው እንደ ልማዱ ይሽከረከር ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። 60 ዋት የሚበላው ወርዶ 11 ዋት የሚበላው ጥምዝምዝ አምፖል ሲገባ 49 ዋት ይተርፋል፤ ያውም ማታ፣ ሁሉም ቤት አብርቶ ጭነቱ በሚበረታበት ሰዓት። አሮጌው ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነበር የሚለውጠው። (ክረምት ላይ እጃችንን አሙቀንበታል፣ አይካድም።)

እንከን የለሽ ነበር አልልም። ነጭ ብርሃኑ ቀይ ወጡን ያገረጣዋል፤ ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ስላለ ሲሰበርም ያሰጋል። ደግሞ ምጣዱ አለ፦ 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ አንድ የእንጀራ ምጣድ የሰባ አምፖሎችን ቁጠባ ብቻውን ይውጣል። የእናቴን ምጣድ እስካሁን «አሮጌውን ይዘው ይምጡ» ያላት የለም።