ሰዓት ያዡ የማን ወገን ነው?

በሌክ ሃይላንድስ አምስት ለአምስት ስንጋጠም 20፣ 20 ደቂቃ እንጫወታለን፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ኳሷ አጥር ዘላ ስትሄድ የሚመራው ቡድን ረጋ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ነገሩ የታክሲዬን ሜትር ይመስላል፤ መኪናው ቆሞም ይቆጥራል፣ ከፋዩ ተሳፋሪው ነው።

የድሮ መምህር ነኝና እስቲ እናስላው። ከ90 ደቂቃ የባከነች 1 ደቂቃ ከመቶ 1 ገደማ ናት፤ ከ40 ደቂቃ ግን 2 ተኩል። ፉትሳል ይህን አውቆ ኳስ ከጨዋታ ውጪ በሆነች ቁጥር ሰዓቱን የሚያቆም ሰው መድቧል። በትልቁ ሜዳ ደግሞ ዳኛው የባከነውን ይጨምራል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በኳታር ዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጋጠሙ በድምሩ 27 ደቂቃ ገደማ ተጨምሯል። እኛ አንዱንም አልወሰድንም። በአንዲት የመጨረሻ ፊሽካ ሳቢያ አብረው ቡና መጠጣት የተዉ ወዳጆች አውቃለሁ።

«ሜዳው የተከራየው በሰዓት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። ታዲያ ከጨዋታው በፊት ተስማምተን 18፣ 18 ብንጫወት፣ የተረፈው 4 ደቂቃ ለባከነውና በሐምሌ ሙቀት ውኃ ለምንጠጣበት አይበቃም? ሰዓቱንም ተቀያሪ ተጫዋች አይያዘው፤ ቡድኑ 2 ለ1 እየመራ ማን በትክክል ይቆጥራል?