ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

ብዙ ሰው የድንቅነሽ ዕድሜ ከአጥንቷ የተለካ ይመስለዋል። የተለካው ግን ሐዳር ላይ ከአጥንቷ አቅራቢያ የተገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። እኔም አጥንቱን ለባለቤቶቹ ትቼ አመዱን ከሚከተሉት ወገን ነኝ።

ፖታሲየም 40 ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ከሚፈርሰው አንድ አሥረኛ ያህሉ አርጎን ይሆናል። አርጎን ጋዝ ስለሆነ ዓለቱ ቅልጥ ሳለ ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የተፈጠረው ግን እዚያው ታስሮ ይቀራል። ያንን ጋዝ በሌዘር አቅልጦ አውጥቶ መለካት የማሽኑ ድርሻ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ምን ቢሰጡት ቁጥር መስጠቱን አይተውም። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ጊዜዬ የሚያልቀው በወንፊትና በወረንጦ ነው። ፑሚሱ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ይደቅቃል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ የጨው ቅንጣት የሚያህለው ፌልድስፓር የተባለው ክሪስታል ከማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቀማል። ጥርት ያለውን፣ ጠርዙ ያልተነካውን እይዛለሁ። ውስጡ የደፈረሰ ወይም ዳሩ የዶለዶመ ካጋጠመኝ እተወዋለሁ፤ ጎርፍ ከሌላ አሮጌ ዓለት ጠርጎ ያመጣው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንዴ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ ነው፤ ለማበላሸት ጥቂቱ ይበቃል።

ቁጥር እንዴት እንደሚያሳስት ምሳሌ ልስጥ፦ ኬንያ ውስጥ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የኬቢኤስ አመድ መጀመሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። በቁጥሩ ላይ የተነሣው ጠብ ለዓመታት ቆየ። በአካባቢው የተገኙት የአሳማ ቅሪተ አካላት በእኛው ኦሞ ከተገኙት ጋር ሲነጻጸሩ አመዱ በጣም ወጣት መሆን ነበረበት፤ በኋላ 1.88 ላይ ረጋ። ላቦራቶሪውን አሳማ ረታው ማለት ነው፤ ይህን ለጀማሪዎች ማውራት ደስ ይለኛል።

የኦሞ ኪቢሹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከጥንቶቹ የሆሞ ሳፒየንስ አጥንቶች በላይ የተነጠፈው ወፍራም አመድ ከመድቀቁ የተነሳ የሚለካ ክሪስታል አልተገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት የአመዱን ኬሚካላዊ ስሪት ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ጋር አመሳክሮ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሻላ የተባለው እሳተ ገሞራ ላይ ደረሰ። በሻላ ዙሪያ ያለው የዚያው ፍንዳታ ፑሚስ ክሪስታል ነበረው፤ 233 ሺህ ዓመት ሆነ፣ 22 ሺህ ቢበዛ ወይም ቢያንስ። ጋዜጦች 233ቱን ይዘው ሮጡ። እኔ መጀመሪያ የማየው 22ቷን ነው፤ ለካሁ የሚለው ሰው ምን ያህል እንደሚተማመን የሚናገረው እዚያ ላይ ነውና።

ከላይ ያለ አመድ የሚናገረው «ከዚህ አያንስም» ብቻ ነው። አራሚስ በተባለው ስፍራ አርዲ የተባለችው ቅሪተ አካል አጥንት የተገኘው በሁለት የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል ነው፤ ሁለቱም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆኑ የሚያከራክር አይደለም። የኪቢሽ አጥንቶች ግን የዕድሜያቸው ወለል ታውቆ ጣሪያው ገና ነው፤ ከሥራቸው ካሉት ንብርብሮች አስተማማኝ ክሪስታል ያለው እየተፈለገ ነው።