መዝገብ ወይስ ሀብት? የሰማያዊ ብልጽግና ስያሜ በሁለት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች

ክርስቲያን ከምድራዊ ንብረት ይልቅ መንፈሳዊውን ብልጽግና እንዲያስቀድም የሚያስተምሩ ሰባክያን አዘውትረው ከሚጠቅሷቸው ክፍሎች አንዱ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 19 እስከ 24 ያለው ነው። ክፍሉ በአማርኛ ሲነበብ አንድ የቋንቋ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሰው በሰማይ እንዲያከማች የታዘዘው ነገር ስሙ ማን ነው? የ1954 ዓ.ም. ትርጉም «መዝገብ» ይለዋል፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ግን «ሀብት» ብሎታል። ልዩነቱ ያረጀ ቃል በታወቀ ቃል የመተካት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን፣ ምርጫው አንባቢው ትምህርቱን የሚረዳበትን መንገድ ይለውጣል የሚል ነው።

«መዝገብ» በግእዝ «ዘገበ» ከሚለው፣ ሰበሰበና አከማቸ የሚል ትርጉም ካለው ግስ፣ በ«መ» ባዕድ መነሻ የተገኘ ስም ነው። የተከማቸውንም የማከማቻውንም ስፍራ ይሰይማል። የወንጌሉ ክፍልም የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ስፍራ ነው፦ ብልና ዝገት ስለሚደርሱበት፣ ሌባ ስለሚቆፍረው፣ በመጨረሻም ልብ ስለሚያርፍበት። ስለዚህ የቃሉ አመሠራረት ራሱ የክፍሉን ሐሳብ ይደግፋል። ይህ ጥንታዊ ፍች «መዝገበ ቃላት» በሚለው ስያሜ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ ሥራም በርእሱ ይዞታል። የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነውና።

ይሁን እንጂ የዛሬው አማርኛ ተናጋሪ በ«መዝገብ» የሚረዳው ጽሑፍን ነው። ባዕድ መነሻው ከሥሩ ጋር ተዋሕዶ «መዘገበ» የሚል አዲስ ግስ አስገኝቷል፤ «መዝገብ ቤት» የፋይል ክፍል ሆኗል፤ «ዘገባ» እና «ዘጋቢ»ም የዜና ሥራ ቃላት ሆነዋል። በዚህ ጆሮ የሚሰማ ምእመን «በሰማይ መዝገብ» ሲባል መልካም ሥራው በዝርዝር የሚጻፍበትን ደብተር ቢያስብ አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ትምህርቱ ልብ የት እንዳለ መመርመሩን ትቶ፣ ውለታ ማስቆጠር ይሆናል። አዲሱ ትርጉም ከዚህ አደጋ መሸሹ ተገቢ ነው።

የሸሸበት ቃልም የራሱ ችግር አለው። «ሀብት» በግእዝ «ወሀበ» ከሚለው የወጣ ነው፤ መሠረታዊ ፍቹም ስጦታ ነው። «ሀብተ ፈውስ» የፈውስ ስጦታ ነው፤ ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ወልድ የሚሉ ስሞችም የወላጅን ጥሪት ሳይሆን የተቀበሉትን ስጦታ ይናገራሉ። ስለዚህ «መንፈሳዊ ሀብት» የሚለውን ሐረግ ከቁሳዊው የተወሰደ ዘይቤ ብቻ አድርጎ ማየት የታሪኩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ በቃሉ ታሪክ ስጦታነቱ ይቀድማል። «ባለጸጋ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቃል በቃል የጸጋ ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ፣ በ1954ቱ ትርጉም «ባለ ጠጋ» ተብሎ ወደ መንግሥተ ሰማያት መግባት የሚቸግረው ሰው መጠሪያ ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ ሥርወ ቃል ብቻውን የዛሬውን ፍች አይወስንም። ተናጋሪው «ሀብት» ሲል «ወሀበ»ን አይሰማም። ቃሉን ዛሬ የሚያጅቡት ግሶች «አፈራ» እና «አካበተ» ናቸው፤ ሁለቱም የሰውን ጥረት እንጂ መቀበሉን አያሳዩም። የሹማምንትን ሀብት ስለ ማሳወቅና ስለ ማስመዝገብ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ሁለቱ ጥንታውያን ቃላት ጎን ለጎን ተገናኝተዋል፤ በዚያ ግን ሀብት የሚቆጠር ንብረት ነው፣ መመዝገብም መጻፍ ነው። በዚህ ምክንያት «በሰማይ ሀብት አከማቹ» የሚለውን የሚሰማ ሰው፣ ሰማይን ይበልጥ አስተማማኝ ባንክ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ስስቱ ሳይነካ አድራሻው ብቻ ይለወጣል።

መፍትሔው ከስሙ ይልቅ በግሱ በኩል የሚፈለግ ይመስለናል። ለዚህ «ገንዘብ» ጥሩ ምስክር ነው። የ1954ቱ ትርጉም በቁጥር 24 ላይ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ላይ ሊገዙለት የማይቻለውን ጌታ በዚህ ቃል ይጠራዋል። የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ግን ምእመኑን ትሕትናንና ትዕግሥትን «ገንዘብ እንዲያደርግ» ያስተምራል፤ የራሱ እንዲያደርጋቸው ማለት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ሙያው ይለያያል፦ «ለገንዘብ ተገዛ» ሲባል ሰውየው የገንዘቡ ነው፤ «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲባል ግን ትሕትናው የሰውየው ነው። ክርስቲያናዊው ትምህርት የሚፈልገው ልዩነት በዚህ ሰዋስው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ የሚጠየቀው የንብረቱ መጠን ሳይሆን ማን የማን እንደሆነ ነው።

ከዚህ በመነሣት ወደ «መዝገብ» መመለስን አንመክርም፤ ተናጋሪው የለወጠውን ፍች ተርጓሚ ብቻውን አይመልሰውም። «ሀብት»ን የሚይዝ ትርጉም ግን ስጦታነቱን የሚያስታውስ አጭር ማብራሪያ በኅዳጉ ቢያኖር ይጠቅማል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ገንዘብ»ን በመገበያያነቱ ብቻ ፈትተው ማለፍ የለባቸውም፤ «ገንዘብ ማድረግ»ን ከነአገባቡ ሊያሰፍሩት ይገባል። ይህ ሐረግ ከተዘነጋ፣ አማርኛ የራስ ስለሆነ ነገር ግን ስለማይሸጥ ብልጽግና የሚናገርበት አንድ መንገድ ይጎድልበታል።